ኮሎክ፦ ሸለቆ የከፈለ ወንዝ

የታይላንድን ካርታ ዘርግታችሁ ከባንኮክ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ አገሪቱ በሁለት ባሕሮች መካከል እየቀጠነች ትሄዳለች። ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዛችሁ በኋላ፣ በምሥራቁ ዳርቻ መጨረሻ ላይ፣ ናራቲዋት የምትባል ክፍለ ሀገር ታገኛላችሁ። ከእርሷ ቀጥሎ ማሌዥያ ነው። ስፋቷ 4,475 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 13 ወረዳዎችና ወደ 800,000 የሚጠጋ ሕዝብ አላት። ከአሥር ነዋሪዎቿ ከስምንት የማያንሱት ሙስሊሞች ናቸው፤ እቤታቸው የሚያወሩትም ማላይኛ ነው። የተቀረችው ታይላንድ ግን በአብዛኛው ታይኛ ተናጋሪና የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት።

ይህን ያየ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ ታዲያ ድንበሩ ለምን እዚህ ላይ ዋለ? ማላይኛ ተናጋሪው ሁሉ ወዲያ ማዶ፣ ታይኛ ተናጋሪው ሁሉ ወዲህ ማዶ እንዲሆን ለምን አልተሠመረም? የዛሬው ትምህርት ይህን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ማጥናት ያስፈልጋል፤ አንደኛው የውሃው አወራረድ ነው፣ ሁለተኛው የጥንቱ አገዛዝ። ሁለቱ በ1909 በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ያዙልኝ።)

ከውሃው እንጀምር።

በናራቲዋት ደቡብና ምዕራብ ተራራ አለ። ታይላንዶች ሳንካላኪሪ ይሉታል፤ ማሌዥያውያን ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ክፍሉን ቲቲዋንግሳ ብለው ይጠሩታል። ተራራው በደን የተሸፈነ ነው፤ ዝናብም አያጣም። በዚህ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ከሁለት አንዱን መንገድ ይይዛል፤ ወይ ወደ ታይላንድ ወንዞች ይወርዳል፣ ወይ ወደ ማሌዥያ ወንዞች። እንዲህ ያለውን ሸንተረር ውሃ አካፋይ እንለዋለን። ይህን ስም አትርሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ ናራቲዋት የሚወርደው ውሃ በሦስት ሸለቆዎች ይከፈላል። የመጀመሪያው የሳይቡሪ ወንዝ ነው። ከሱኪሪን ወረዳ ተራሮች ይነሣና በሲ ሳኮንና በሩሶ በኩል ወደ ሰሜን ፈስሶ፣ ባሕር የሚገባው በጎረቤቷ በፓታኒ ክፍለ ሀገር ነው። ሁለተኛው የታንዮንግ ማት ወንዝ ነው፤ በራንጌ ወረዳ አልፎ ወደ ባንግ ናራ ይገባል። ባንግ ናራ ለየት ያለ ወንዝ ነው። ባሕሩን አጠገቡ እያየ ቶሎ አይገባም፤ ከአሸዋው ዳርቻ ኋላ ተኝቶ ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ አፉ በዋና ከተማዋ በናራቲዋት፣ ሌላው ወደ ደቡብ በታክ ባይ በኩል ነው። ሦስተኛው ኮሎክ ነው፤ ማሌዥያውያን ጎሎክ ይሉታል። ከተራራው ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየተጠማዘዘ ታክ ባይ አጠገብ ባሕር ይገባል። በቀኙ የማሌዥያዋ ኬላንታን አለች፤ በግራው ናራቲዋት።

ዝናቡ የሚከብደው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ባሕሩን አቋርጦ ሲመጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ የመጣው ጎርፍ በክፍለ ሀገሪቱ ብዙ ከተሞችንና መንደሮችን ውሃ ውስጥ ከቶ ነበር። በበጋ ደግሞ ያው ኮሎክ አንዳንድ ቦታ ላይ ሱሪ ሰብስቦ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ይሆናል።

በተራራውና በባሕሩ አሸዋ መካከል ያለው ዝቅተኛ መሬት ረግረግ ነው። ከረግረጎቹ ሁሉ የሚታወቀው ቶ ዴንግ ነው፤ በታክ ባይ፣ በሱንጋይ ኮሎክና በሱንጋይ ፓዲ ወረዳዎች የተዘረጋ፣ በታይላንድ ካሉት የረግረግ ደኖች ትልቁ። በ2001 ራምሳር በሚባለው ዓለም አቀፍ የረግረግ መሬቶች ስምምነት ተመዝግቧል። ውሃው እንደ ጠቆረ ሻይ ነው። የወደቀው ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ግንድ በውሃ ውስጥ አየር ስለማያገኝ በወጉ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ሜትሮች ጥልቀት ያለው ስፖንጅ መሰል ጥቁር አፈር ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገበሬው ለምን በዚህ መሬት እንደተቸገረ ማወቅ ይጠቅማልና። ከጥቁሩ አፈር ሥር ባሕሩ በጥንት ዘመን ጥሎት የሄደ ጭቃ አለ። በጭቃው ውስጥ ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን አለ። ጭቃው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ማዕድኑ ተኝቷል፤ ማንንም አይነካም። ሰው ቦይ ቆፍሮ ውሃውን አንጠፍጥፎ ሩዝ ሊዘራ ሲል ግን አየር ይገባል፤ ማዕድኑ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል፤ መሬቱም ይኮመጥጣል። ሩዙ ይቀጭጫል፤ ዓሣ ይሞታል። በናራቲዋት ብዙ ሺህ ሄክታር በዚህ መንገድ ተበላሽቶ ቀረ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በንጉሥ ቡሚቦል ሐሳብ ፒኩን ቶንግ የሚባል የምርምር ማዕከል ከናራቲዋት ከተማ አጠገብ ተቋቋመ። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር ላልሰማው ሰው ግራ ያጋባል። መሬቱን ከመፈወሳቸው በፊት ሆን ብለው የባሰ አበላሹት፤ አድርቀው፣ መልሰው በውሃ ሞልተው፣ እንደገና አድርቀው፣ የዓመታቱን መኮምጠጥ በወራት ውስጥ እንዲያወጣ አደረጉት። ዘዴውን ታይላንዶች «አፈሩን ማታለል» ይሉታል። በዚያ በባሰው አፈር ላይ ምን እንደሚሠራ ከታወቀ፣ በሌላው ላይ መሥራቱ አያጠራጥርም ነው ነገሩ። የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፦ አሲዱን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ የኖራ ዱቄት መበተን፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዚያ ማዕድን በታች እንዳይወርድ ቦዮቹን መቆጣጠር። ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር ነው፤ በናራቲዋት ውሃ የት እንደሚቆምና የት እንደሚያልፍ የሚወስን ሰው የሌላውን እንጀራ ይወስናል።

ውሃውን እዚህ ላይ አቁመን ወደ አገዛዙ እንሻገር።

ከዛሬዋ ታይላንድና ማሌዥያ በፊት በዚህ ምድር የፓታኒ ሱልጣኔት ነበረ። ከእርሱም በፊት ላንግካሱካ የሚባል፣ የቻይና ጽሑፎች ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት መንግሥት ነበር፤ ፍርስራሹ በፓታኒዋ ያራንግ ወረዳ ይታያል። ሕዝቡ እንዴት እንደሰለመ የሚተርከው «ሒካያት ፓታኒ» የተባለው ዜና መዋዕል ነው። በእርሱ መሠረት ንጉሡ ሕመም ጸንቶበት ከሱማትራዋ ፓሳይ የመጣ ሼኽ አዳነውና እስልምናን ተቀበለ። የዚያ ንጉሥ የእስልምና ስም ሱልጣን ኢስማኢል ሻህ ነው።

ፓታኒ የደመቀችው በሴቶች እጅ ነው። ከ1584 ጀምሮ አራት ንግሥቶች እየተከታተሉ ነገሡ፤ ስማቸውም የቀለም ስም ነበር፦ ራጃ ሒጃው አረንጓዴዋ፣ ራጃ ቢሩ ሰማያዊዋ፣ ራጃ ኡንጉ ሐምራዊዋ፣ ራጃ ኩኒንግ ቢጫዋ። በእነርሱ ዘመን የኔዘርላንድና የእንግሊዝ ነጋዴዎች በወደቡ መጋዘን ከፈቱ፤ የቻይናና የጃፓን መርከቦችም ይመላለሱ ነበር። የወንድ ንጉሥ ስም ብቻ በሚደረደርበት የዘመኑ ታሪክ አራት ሴት በተከታታይ ስትነግሥ ብርቅ ነው፤ ስለ ፓታኒ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣውም እነርሱን ነው።

ፓታኒና ሲያም (የጥንቷ ታይላንድ) ግንኙነታቸው ምን ዓይነት ነበር? የዛሬው ሰው «ተገዢ ነበረች ወይስ ነጻ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ የዘመናችን ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ንጉሥ ሥልጣን በድንበር መስመር አይለካም ነበር። በዋና ከተማው ጠንካራ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ እየላላ ይመጣል፤ በጣም ርቆ ሲሄድ የሌላ ንጉሥ ሥልጣን ከሚደርስበት ጋር ይደራረባል። አንድ ትንሽ ገዢ ለሁለት ትላልቅ ነገሥታት በአንድ ጊዜ ግብር መላኩ አያሳፍርም ነበር። የማላይ ገዢዎች በየሦስት ዓመቱ ወደ ሲያም የሚልኩት ቡንጋ ማስ ይባላል፤ ከወርቅና ከብር የተሠራ፣ ቅጠልና አበባው በጥንቃቄ የተቀጠቀጠ ትንሽ ዛፍ ነው። ባንኮክ ይህን የመገዛት ምልክት አድርጋ ትቀበለዋለች። የማላይ ገዢዎች ግን የወዳጅነት ስጦታ ነው ይሉ ነበር። ዛፉ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ትርጉም ይዞ ለዘመናት ኖረ። ማንም ወረቀት ላይ ያስፈርመው ስላልነበረ ልዩነቱ ጦር አላማዘዘም።

ጦር የተማዘዙት ግብሩ ሲቀር ነው። በ1767 በርማዎች የሲያምን ዋና ከተማ አዩታያን ሲያፈርሱ ፓታኒ ግብር መላኩን ተወች። አዲሱ የቻክሪ ሥርወ መንግሥት ከተጠናከረ በኋላ፣ በ1785 እና በ1786 መካከል፣ ጦር ልኮ ፓታኒን ያዘ። ከተማረከው ሀብት አንዱ ፓያ ታኒ የተባለው፣ ከስድስት ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የነሐስ መድፍ ነው። ዛሬ ባንኮክ ውስጥ በመከላከያ ሚኒስቴር ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። የፓታኒ ሰዎች ስለዚህ መድፍ ሲያወሩ ስለ ብረት ብቻ አያወሩም።

በ1791 እና በ1808 አመፅ ተነሣ። ባንኮክም ፓታኒን በሰባት ትናንሽ ግዛቶች ከፋፈለቻት፦ ፓታኒ፣ ኖንግቺክ፣ ያሪንግ፣ ያላ፣ ራማን፣ ሳይቡሪና ራንጌ። የዛሬዋ ናራቲዋት በዋናነት ከራንጌና ከሳይቡሪ የተሠራች ናት። ሰባቱም የየራሳቸው ራጃ ነበራቸው፤ በሶንግክላ ገዢ ተቆጣጣሪነት ሥር ሆነው የወርቅ ዛፉን ይልኩ ነበር። መከፋፈሉ ሥልጣናቸውን አሳነሰ፤ የአኗኗር ሥርዓቱን ግን አልነካውም። ዳኝነቱ በእስልምና ሕግ፣ ትምህርቱ በፖንዶክ ነበር።

ፖንዶክን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። ተማሪው ከሩቅ መንደር መጥቶ በቶክ ጉሩው፣ ማለትም በመምህሩ ቤት ዙሪያ ጎጆ ሠርቶ ይቀመጣል፤ በወሎ ደረሳው በሼኹ መንደር፣ የቆሎ ተማሪውም በየኔታ ደጅ እንደሚያደርገው። ኪታቡ በማላይኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የዐረብ ፊደል ነው፤ ጃዊ ይባላል። ከዚህ ምድር የተነሡ ዑለማዎች መካ ድረስ ሄደው አስተምረዋል፤ ከሁሉ የታወቁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ኪታብ የጻፉት ሼኽ ዳውድ አልፈታኒ ናቸው። በናራቲዋት ባቾ ወረዳ የቆመው የታሎ ማኖ መስጊድ የዚህ ዘመን ምስክር ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ግንዱ በግንድ ውስጥ እየተሰካ ያለ ሚስማር የተገጣጠመ የእንጨት መስጊድ ነው። ጣሪያው የማላይና የቻይና አሠራር ይታይበታል።

አሁን ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ላይ ደርሰናል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ከደቡብ በማላያ (በዛሬዋ ማሌዥያ) በኩል፣ ፈረንሳይ ከምሥራቅ በኢንዶቻይና በኩል ወደ ሲያም እየቀረቡ መጡ። እነዚህ ኃይሎች በሚደራረብ ሥልጣን አያምኑም፤ የሚያውቁት መስመር ነው። ሲያምም መስመር መያዝ ነበረባት። በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዘመን የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ልዑል ዳምሮንግ የሩቅ ግዛቶችን አስተዳደር ከባንኮክ በሚላኩ ሹማምንት ሥር አደረጉ። በሰባቱ ግዛቶች ራጃዎቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ተደረገ። የፓታኒው ራጃ አብዱል ካዲር አልቀበልም ሲሉ በ1902 ተይዘው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒትሳኑሎክ ተወሰዱ። በኋላ ተለቀው ቀሪ ዘመናቸውን በኬላንታን ጨረሱ።

መጋቢት 10 ቀን 1909 ባንኮክ ላይ ሲያምና እንግሊዝ ተፈራረሙ። ሲያም በኬላንታን፣ በተሬንጋኑ፣ በኬዳና በፐርሊስ ላይ የነበራትን መብት ለእንግሊዝ ለቀቀች። በምላሹ እንግሊዝ ዜጎቿ በሲያም ፍርድ ቤት አንዳኝም የሚሉበትን መብት ደረጃ በደረጃ ለመተው ተስማማች፤ ለደቡቡ የባቡር ሐዲድ መሥሪያም አራት ሚሊዮን ፓውንድ ለሲያም በብድር እንዲሰጥ ሆነ።

ድንበሩን የሚያሰምረው አባሪ ሰነድ ነው የኛ የትምህርት ጽሑፍ። በዝግታ እናንብበው። ሰነዱ መርሕ አለው። መስመሩ በተቻለ መጠን ውሃ አካፋዩን ሸንተረር ይከተላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሸለቆ ሙሉውን ለአንዱ ወገን ይሰጣል። የፓታኒ ወንዝ ሸለቆ ለሲያም፣ የቴሉቢን ሸለቆ (ይህ ከላይ ሳይቡሪ ያልነው ነው) ለሲያም፣ የታንጁንግ ማስ ሸለቆም (ይህ ታንዮንግ ማት ነው) ለሲያም። የፔራክ ወንዝ ሸለቆ ግን ከላይ እስከ ታች ለእንግሊዝ። በዚህ መርሕ የራማን ግዛት ከፔራክ ወንዝ በላይኛው ክፍል የነበራትን መሬት አጣች። መርሑ ለሁለቱም ወገን ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሰነዱ ኮሎክ ላይ ይደርሳል። እዚህ መርሑ ይሰበራል። የኮሎክ ሸለቆ ሙሉውን ለማንም አልተሰጠም። ግራው ዳር ለሲያም፣ ቀኙ ዳር ለእንግሊዝ ሆነ፤ ድንበሩም ከወንዙ ምንጭ እስከ ባሕር የወንዙን ጥልቅ መስመር ተከትሎ እንዲሄድ ተወሰነ። ጥልቅ መስመር የሚባለው ከዳር እስከ ዳር ካለው ውሃ በጣም የሚጠልቀው ቦታ እየተቀጠለ የሚሠራው መንገድ ነው። ከታይላንድና ማሌዥያ የየብስ ድንበር በሸንተረር የሚሄደው ወደ 550 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በኮሎክ የሚሄደው 95 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ልዩነቱን እዩት። ሸንተረር ላይ ሰው አይሰፍርም፤ መስመር ቢያልፍበት የሚለያየው ጎረቤት የለም። ሸለቆ ግን ሰው የሚሰበሰብበት ነው፤ ሩዙ እዚያ ነው፣ ጀልባው እዚያ ነው፣ ገበያው እዚያ ነው። ኮሎክን ድንበር ማድረግ በአንድ ውሃ የሚጠጡ፣ የሚጋቡ፣ በአንድ ዘዬ የሚነጋገሩ ሰዎችን ለሁለት መንግሥታት ማደል ነው። ታክ ባይ ከዚያ በፊት የኬላንታን ነበረች፤ ማላዮች ታባል ይሏታል። በ1909 ከኬላንታን ተቆርጣ በሲያም ቀረች።

ሲያም ታክ ባይን ለማስቀረት ምን ብላ ተከራከረች? በታይላንድ የሚነገረው፣ ዋት ቾንታራ ሲንግሄ የሚባለው በወንዙ ዳር ያለ የቡድሃ ገዳም ማስረጃ ሆኖ ቀረበ የሚል ነው፤ የታይ ሥነ ሕንፃና የታይ መነኮሳት ያሉበት አገር የሲያም ነው ተባለ ይላሉ። ገዳሙ ዛሬም በዚህ ምክንያት ይከበራል። የአካባቢው ትረካ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ገዳሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራበትን ቦታ የፈቀዱት የኬላንታኑ ሙስሊም ገዢ ናቸው ይባላል። በኔ ፍርድ አንድ ገዳም ብቻውን ድንበር አያሰምርም፤ ሰፊ የፖለቲካ ድርድር ነበረ። ይሁንና ትረካው እውነት ከሆነ፣ ሙስሊሙ ገዢ ለመነኮሳት የሰጡት መሬት በኋላ መሬቱን ከራሳቸው አገር ለመውሰድ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ወንዙ ሕዝብን በቋንቋ አልለየም የሚባለው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በኬላንታን ቱምፓት ወረዳ ዛሬም ታይኛ የሚናገሩ የቡድሃ ተከታዮችና ገዳሞቻቸው አሉ፤ ዘዬአቸው የታክ ባይ ዘዬ ነው። በናራቲዋት ማላዮች በታይላንድ ሲቀሩ፣ በኬላንታን ታዮች በማላያ ቀሩ።

ባንግ ናራ የተባለችው የወንዝ አፍ መንደር የራንጌ መቀመጫ ሆና ካደገች በኋላ በ1915 ንጉሥ ቫጂራቩድ ናራቲዋት የሚል ስም አወጡላት። በ1921 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት በተገኘው ብድር የተሠራው ሐዲድ ሱንጋይ ኮሎክ ደረሰ። ጣቢያው ባይኖር ከተማዋም አትኖርም ነበር፤ ከባንኮክ የሚነሣው የደቡብ ባቡር ዛሬም መጨረሻው እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ የታወቀ ነውና። በ1921 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ ልጆች ሁሉ በታይኛ እንዲማሩ አስገደደ፤ በማግስቱ ዓመት በጎረቤት ፓታኒ አመፅ ተነሣ። ከ1939 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን መንግሥት ዜጋው ሁሉ እንደ ታይ እንዲለብስና እንዲናገር አዋጅ አወጣ፤ ሳሮንግ የተባለውን ሽርጥ መልበስ ሳይቀር ክልክል ሆነ። በ1947 ሐጂ ሱሎንግ የተባሉ የፓታኒ ዓሊም ሰባት ጥያቄዎች ለመንግሥት አቀረቡ፤ የአካባቢው ታክስ እዚያው ይዋል፣ ከመንግሥት ሠራተኞች 80 በመቶው ሙስሊሞች ይሁኑ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በማላይኛ ይሰጥ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ለብቻው ይቁም የሚሉት ይገኙበታል። መገንጠልን አልጠየቁም። በጥር 1948 ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ በናራቲዋት ዱሱን ኞር መንደር ገበሬዎችና ፖሊስ ተዋጉ። ሐጂ ሱሎንግ ተፈትተው ሳለ በነሐሴ 1954 ፖሊስ ጠርቷቸው ሄደው የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።

በጥር 4 ቀን 2004 ታጣቂዎች በናራቲዋት ቾ አይሮንግ የጦር ካምፕ ሰብረው ከ400 በላይ መሣሪያ ዘርፈው ሄዱ፤ የዚህ ዘመን ጦርነት ከዚያ ቀን ይቆጠራል። እስከ ዛሬ ከ7,000 በላይ ሰው አልቋል፤ ቡድሂስትም ሙስሊምም፣ ወታደርም መምህርም።

ታክ ባይ ግን በአጭሩ አትታለፍም። ጥቅምት 25 ቀን 2004፣ ረመዳን ነበረ። መሣሪያ ለታጣቂዎች ሰጥታችኋል የተባሉ ስድስት የመንደር ጠባቂዎች መታሰራቸውን የተቃወመ ሕዝብ በፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ሰባት ሰዎች እዚያው በጥይት ሞቱ። ከአንድ ሺህ በላይ ወንዶች እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ፣ በደረታቸው አስተኝተው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው በጭነት መኪና ወደ ፓታኒ ካምፕ ወሰዷቸው። መንገዱ ሰዓታት ፈጀ። ሲደርሱ 78ቱ ታፍነው ሞተዋል። መንግሥት በ2012 ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 7.5 ሚሊዮን ባት ካሣ እንዲከፈል ወሰነ፤ የወንጀል ክስ ግን ያኔ አልተመሠረተም። ቤተሰቦቹ ራሳቸው የከሰሱትን ጉዳይ የናራቲዋት ፍርድ ቤት በነሐሴ 2024 ተቀበለው። ሰባቱም ተከሳሾች አልቀረቡም። ጥቅምት 25 ቀን 2024 የሃያ ዓመቱ የይርጋ ጊዜ አለቀና ክሱ ከሰመ። በየካቲት 2025 በ2004 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታክሲን ሺናዋትራ ናራቲዋት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

የዕለት ኑሮው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይቀጥላል። የጎማ ዛፍ የሚያልበው ሰው ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። ፋኖሱን በግንባሩ አስሮ፣ ጎበጥ ባለ ቢላ የዛፉን ልጥ ስስ አድርጎ ሰያፍ ይልጣል፤ በጣም ከጠለቀ ዛፉ ይቆስላል፣ ካልጠለቀ ወተቱ አይወርድም። ወተቱ የተላጠውን መስመር ተከትሎ ከታች በተንጠለጠለው ጽዋ ይጠራቀማል። ሌሊት የሚሠራው ቀዝቀዝ ባለ አየር ወተቱ ቶሎ ስለማይረጋና ብዙ ስለሚፈስ ነው። ዝናብ ካለ ሥራ የለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ዝናቡ አያቋርጥም። ጦርነቱ በጋለበት ጊዜ በዚያ ሰዓት በደን ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ለታጣቂውም ለወታደሩም አጠራጣሪ ነበር፤ ብዙዎች አርፍደው መውጣት ጀመሩ፤ ወተቱም ቀነሰ።

ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ ኮሎክን ይሻገራል። በማሌዥያ ከተሞች ቶም ያም የተባለውን የታይ ሾርባ የሚሸጡ ምግብ ቤቶችን የሚያንቀሳቅሱት በብዛት የእነዚህ ክፍለ ሀገሮች ሰዎች ናቸው፤ ማላይኛቸው ከኬላንታን ሰው ማላይኛ ስለማይለይ ደንበኛው እንግድነታቸውን አያውቅም። ሕጋዊው መንገድ በ1973 የተሠራው የሱንጋይ ኮሎክና ራንታው ፓንጃንግ ድልድይ፣ በ2007 የተከፈተው የቡኬታ ድልድይና የታክ ባይ ጀልባ ነው፤ የድንበር ነዋሪ ያለ ፓስፖርት በድንበር ማለፊያ ወረቀት ይሻገራል። ከሕጋዊው ሌላ በየመንደሩ ደጃፍ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ፤ ጥቂት ባት ወይም ሪንጊት ተከፍሎ በደቂቃዎች ማዶ ነው። ሠርግ የሚሄድ፣ ዘመድ የሚጠይቅ፣ ሸቀጥ የሚያመጣ በእነርሱ ይሄዳል፤ መድኃኒትና ሩዝ የሚያሻግር ኮንትሮባንዲስትም እንዲሁ።

ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የኬላንታን ፖሊስ በእነዚህ ጀልባዎች የሚሻገረውን ሰው እይዛለሁ ብሎ ቁጥጥር ጀመረ። በሱንጋይ ኮሎክ ገበያ ዋናው ሸማች ከማዶ የሚመጣው ማሌዥያዊ ስለሆነ ነጋዴዎቹ ወዲያው አዘኑ። ሁለቱ መንግሥታት በሌላ በኩል ከአሮጌው ድልድይ ጎን ሁለተኛ ድልድይ ለመሥራት ተስማምተዋል፤ ጀልባ ከተከለከለ ለሚሻገረው ሰው የሚቀረው ድልድይ ነው። ድልድዩ ላይ ለመድረስ ግን ከወንዙ ዳር መንደሮች ብዙዎቹ በመኪና ረጅም መንገድ መዞር አለባቸው፤ አክስታቸው የምትኖረው ፊት ለፊታቸው ነው።